ክፉዬን የሚናገር አንድ ሰው

ማንም አላስተማረኝም። ይህን ስል ሰው ፊቱን ያጠቁራል፤ ጉራ ይመስለዋል። ጉራም ከሆነ ይሁን። ያደግኩት ኮተቤ፣ የመምህራን ኮሌጁ አጥር ሥር ነው። በየዓመቱ ጥቁር ጋውን ለብሰው ፎቶ የሚነሱትን እያየሁ አደግኩ እንጂ እኔ በዚያ በር አልገባሁም። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ነጥብ አልመጣልኝም። አባቴ ገረሱ እግዜር ሌላ ያዘጋጃል አለ። እናቴ ሱቅ ውስጥ እንድቀጠር ሰው ማነጋገር ጀመረች። እኔ ደግሞ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ያለው ኢንተርኔት ቤት ገባሁ።

የገባሁት እንደማንም ሰው ፌስቡክ ላይ ነበር። አንድ ቀን ከእኔ በፊት የተቀመጠው ተማሪ ቪዲዮ ሳይዘጋ ሄደ። ፊቱ የማይታይ ህንዳዊ ጠረጴዛ በኮምፒውተር እየሣለ ሲሠራ ያሳያል። መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ አራት ማዕዘን ሣለ። ከዚያ መሀሉን ይዞ ሽቅብ ሲጎትተው ሳጥን ሆነ። እግር አወጣለት፣ መሳቢያ አስገባለት፣ መጨረሻ ላይ ጠረጴዛውን እንደ ዳቦ እያገላበጠ አሳየ። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ሰዓትሽ አልቋል እስኪለኝ አፌን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። የሚሥልበት ፕሮግራም በነጻ ነው፤ ትምህርቱም በነጻ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ነጻ የሚባለውን ነገር በወሬ እንጂ በዓይኔ አላየሁትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ቪዲዮዎቹን በፍላሽ እየጫንኩ ሥራ ቦታ ማየት ጀመርኩ። ሥራዬ ካራ መሄጃው ላይ ያለው የጋሽ አባይነህ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ስልክ ማንሳትና ደረሰኝ መጻፍ ነበር። እንግሊዝኛውንም እግረ መንገዴን ተማርኩት፤ ለዚህ ነው እንግሊዝኛዬ ትንሽ የህንድ ለዛ ያለው። ጋሽ አባይነህ ቁም ሳጥንና የኪችን ካቢኔት የሚነድፉት ቁራጭ ቺፕውድ ላይ በእርሳስ ነው። ዕቃው ሲያልቅ ደንበኛው እኔ እንዲህ አላልኩም ይላል፤ እሳቸውም ብለዋል ይላሉ፤ ቺፕውዱ ደግሞ ከተጣለ ሰንብቷል። እኔ ካቢኔቱን ከነቀለሙ በስክሪን ላይ እያዞርኩ ማሳየት ከጀመርኩ ወዲህ ጭቅጭቁ ቀረ። ጋሽ አባይነህ ለደንበኛ ሁሉ "ልጄ ናት የሠራችው" ይላሉ። ልጃቸው አይደለሁም። ግን አላረምኳቸውም።

ያልወደደው ሚልኬሳ ነው። ሚልኬሳ ዋናው አናጺ ነው፤ ሥዕል ከእኔ ተቀብሎ እንጨት አድርጎ የሚያወጣው እሱ ነው። የእሱም የእኔም አባቶች ከካራ ወዲያ ያርሱት የነበረው መሬት ላይ አሁን ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ ስለዚህ ሁለታችንም ገበሬ የመሆን ዕድል አልነበረንም። የምንጣላው በኦሮምኛ ነው፣ ጋሽ አባይነህ እንዳይሰሙ። እሱ እኔን "ፕሮፌሰር ጎግል" ይለኛል። እኔ እሱን "ጉቶው" እለዋለሁ። ጉቶ ያልኩት ሥር ሰዶ ስለቀረ ነው፤ እሱ ግን ስለ ቁመቱ ይመስለዋል። ያንንም አላረምኩም።

ሁለት ሺህ ሰባት ላይ ሊንክድኢን የሚባለውን አገኘሁት። ፌስቡክን ከረባት አስረው ሥራ የላኩት ይመስላል። ስምሽንና ሙያሽን ትጽፊያለሽ፣ የሠራሽውን ታሳያለሽ፣ በሙያው ያሉ ሰዎች ያዩሻል። የካቢኔቶቼን ሥዕል ለጠፍኩ። ለሳምንታት ያየኝ የለም። ገጹን ሳጠና ምክንያቱ ገባኝ፤ የሚያውቀኝ ሰው አልነበረኝም። የሌሎቹ ሰዎች ሙያ ሥር ቁጥር አለ፤ ይህን ያህል ሰው ትችላለች ብሎ መስክሮላታል የሚል። የእኔ ባዶ ነው።

እኔ ደግሞ ምስክር የማጣ ሰው አይደለሁም፤ ጴንጤ ነኝ። የኛ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ቅዳሜ ቅዳሜ በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ዳገቱን ወጥተን እንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ እንጸልያለን። ወደ እንጦጦ ማርያም የሚሳለሙ ሰዎች በመንገዱ ሲያልፉ ጩኸታችንን ሰምተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እኛም እነሱን አይተን እንጸልይላቸዋለን። እዚያ ላይ ኔትወርኩ ግሩም ነው። ታች ኮተቤ አንድ ፎቶ ለመክፈት የሚያቃስት ስልክ እዚያ ቪዲዮ ይከፍታል። ጓደኛዬ ዶርቃ ለሰማይ ስለሚቀርብ ነው ትላለች። ዶርቃ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ታወጣለች፤ መዘምራን ውስጥ ደግሞ ከእሷ ድምፅ የሚበልጥ የለም።

አንድ ቅዳሜ ጸሎቱ እንዳለቀ ማንም እንዳይነሳ አልኩና ሁሉንም ስልክ አስወጥቼ አስመዘገብኳቸው። ገጹ ለእያንዳንዳቸው፣ ሲፋን ይህን ትችላለች ወይ፣ ያንንስ ትችላለች ወይ እያለ ይጠይቃል። እንግዲህ አብሮሽ ሲያለቅስና ሲዘምር የኖረ ሰው ስለ እህቱ ተጠይቆ አትችልም ሊል ነው? ሁሉም አዎ አሉ። ገጹ የጎደለ ሙያ ካለ ጨምሩ ሲላቸው ደግሞ ጨመሩ። ዶርቃ የክሊኒክ ሰው ናትና ቀዶ ጥገና ጻፈችልኝ። አንዱ አረብኛ፣ ሌላው የዶሮ እርባታ። ከሁሉ የበዛ ምስክር ያገኘው ግን ትሕትና ነው። አንዱንም አልሰረዝኩም። የሰው ስጦታ መመለስ ነውር ነው፤ ደግሞም ቁጥር ሲያድግ ደስ ይላል።

ብዙም ሳይቆይ የሺሃረግ የሚባሉ አርክቴክት መልእክት ላኩልኝ። የለጠፍሽውን የማዕዘን ካቢኔት ራስሽ ነሽ ወይ የሣልሽው የሚል ነበር። ራሴ ነኝ አልኩ። ነይና ልይሽ አሉኝ።

ቢሯቸው ላምበረት ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሠራተኞቹ ኢንጂነር ይሏቸዋል፤ እኔም ኢንጂነር አልኩ። አንድ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን መደርደሪያ ለክተሽ ሣዪው አሉኝ። ሣልኩት። አገላብጠው አዩትና እጅሽ ጥሩ ነው አሉ። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ የቢሮውን ኢንተርኔት ሳየው፣ ሰዓት የማይቆጥር፣ ሂሳብ ክፈይ የማይል፣ ልቤ ቀለጠ። ሥራው ቁም ሳጥን ብቻ አይደለም፤ ሙሉ ቤት ነው፣ ከነበሩና ከነመስኮቱ። ደግሞ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው አባቴን ስላወቀ ወይም ስላዘነልኝ ሳይሆን እጄን አይቶ ጠርቶኛል። ያንን ወንበር የፈለግኩትን ያህል ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም።

ኢንጂነር የሺሃረግ ገጼን ከፈቱ። ወደ ታች እየወረዱ አነበቡ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ቀዶ ጥገና ትችላለች ይላል። ማንን ቀደሽ ታውቂያለሽ?"

"በምላሴ ብዙ ሰው ቀድጃለሁ" አልኩ።

ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ መጣና ተመለሰ። ማን ማን እንደመሰከረልኝ ጠየቁኝ፤ ስለ ተራራው ነገርኳቸው። ከዚያ የነገሩኝን እስካሁን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

"እነዚህ ሁሉ ይወዱሻል። ደስ ይላል፤ ለእኔ ግን የሚነግረኝ ነገር የለም። ከአንቺ በፊት የነበረውን ልጅ ሦስት ሰው ምሎ ተገዝቶለት ነው የቀጠርኩት። ሲሳሳት ስልኩን አጥፍቶ ይጠፋል። ሦስቱም ይህን ያውቁ ነበር፤ አንዳቸውም አልነገሩኝም። ቢነግሩኝ ኖሮ ያኔም እቀጥረው ነበር፣ ሲጠፋ የት እንደምፈልገው አውቄ። ስለዚህ አንድ ሰው ስጪኝ። በደንብ የሚያውቅሽ፣ ክፉሽን ሳይሸፍን የሚነግረኝ። ሌላ ያየሁት ልጅ አለ፤ እስከ ዓርብ እጠብቅሻለሁ።"

ደረጃውን የወረድኩት እየሳቅኩ ነው። የእኔን ክፉ የሚናገር አንድ ሰው ብቻ? ከመገናኛ ካራ የሚሄድ አንድ ሚኒባስ ሙሉ አስጭኜ ልልክላቸው እችላለሁ።

መጀመሪያ የጋሽ አባይነህን ስልክ ሰጠሁ። ሲደወልልዎ ጥፋቴን ይናገሩ ብዬ አስጠነቀቅኳቸው፤ እሺ ልጄ አሉ። በኋላ ስጠይቃቸው እንደ ልጄ ያሳደግኳት ናት፣ ወርቅ ናት ብያቸዋለሁ አሉኝ። ያሳደጉኝ አባቴና እናቴ ናቸው። ምነው ጋሼ ስላቸው፣ እኔ ልጅቱን እንጀራዋን ልዝጋባት እንዴ ብለው ተቆጡኝ።

ቀጥሎ ዶርቃ። ዶርቃን አፍ አውጥቼ ለመንኳት። ከእኔ ጋር ስንት ጊዜ ተኳርፋለች፤ የመዘምራኑን አዲስ ዩኒፎርም የአልጋ ልብስ ይመስላል ብዬ ለሁለት ወር ያላናገረችኝ ሰው ናት። ያንን ንገሪያቸው አልኳት። ኢንጂነሯ ሲደውሉላት፣ ያላት ጉድለት አንድ ነው፣ ሥራ ስታበዛ ራሷን ትረሳለች አለች። በዚያም አላበቃች፤ ኢንጂነሯ ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር በስልክ ጸለየችላቸው። ማታ መልእክት መጣልኝ፤ ጓደኛሽ መልካም ልጅ ናት፣ ጉንፋኑም ተሽሎኛል፣ የጠየቅኩሽ ሰው ግን እሷ አይደለችም ይላል።

ሐሙስ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ነው ሚልኬሳ ትዝ ያለኝ። ለካ ያጣሁት እፊቴ የቆመውን ነው። ቁጥሩን ለኢንጂነሯ ላክሁ፤ ለእሱ ግን ምንም አልነገርኩትም። ያለማስጠንቀቂያ ቢደወልለት የሁለት ዓመት ቂሙን ከነገለባው ያፈሰዋል ብዬ ነው። እንዲያውም ያበዛው ይሆን ብዬ ፈራሁ።

ማታ ከኢንጂነሯ መልእክት መጣ። አናጺውም እንደ እህቴ ናት አለኝ ይላል። ከሥሩ፣ ያለ ክፉ ነገር የተፈጠረ ሰው መቅጠር አልደፍርም፣ ነገ ለሌላው ልጅ እደውላለሁ።

ዓርብ ጠዋት የሥራ ቤቱ በር እንደተከፈተ ገባሁ። ሚልኬሳ በመላጊያ ማሽኑ ጣውላ እየላገ ነበር። ብጠራው አይሰማም፤ ሶኬቱን ነቀልኩት። ማሽኑ እያጓራ ቆመ።

"በየቀኑ መብራት የምታጠፊው አንቺ ነሽ ማለት ነው?" አለ።

"ኢንጂነሯን ምን አልካቸው?"

"ጎበዝ ናት አልኳቸው። እንደ እህቴ ናት አልኳቸው።"

"እህትህ ነኝ እኔ?"

"አያድርገውና።"

"ታዲያ ለምን ዋሸህ?"

ሰጋቱራውን ከክንዱ አራገፈ። ሁልጊዜ እንደምንጣላው በኦሮምኛ ጀመረና መሀል ላይ ወደ አማርኛ ዞረ፤ ሌሎቹ ሠራተኞች እንዲሰሙት ፈልጎ ይመስለኛል። የማላውቀው ሰው ደውሎ ስለ ሰው ቢጠይቀኝ ክፉ አልናገርም አለ። አንቺ እንጀራ ፍለጋ ወጥተሽ እኔ በርሽ ላይ ቆሜ አትግቢ፣ አትውጪ ልበል? እናቴ እንደዚያ አድርጋ አላሳደገችኝም።

"በየቀኑ ትሰድበኛለህ እኮ" አልኩት።

"እሱ በፊትሽ ነው። በፊትሽ የተናገርኩት ጨዋታ ነው፣ ሲብስም ምክር ነው። ከኋላሽ የተናገርኩት ግን ሐሜት ነው። ሐሜተኛ አይደለሁም።"

አንድ ሳምንት ሙሉ ያልገባኝ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ጋሽ አባይነህም ዶርቃም ክፉዬን አጥተውት አይደለም። እኔ በሌለሁበት ሊያነሱት አልፈለጉም። የኢንጂነሯ ስልክ የሚደወለው ደግሞ ሁልጊዜ እኔ በሌለሁበት ነው።

"እንግዲያው በፊቴ ንገራቸው" አልኩት። መልሱን ሳልጠብቅ ደወልኩና ስልኩን ላውድ ላይ አድርጌ ያልተላገው ጣውላ ላይ አስቀመጥኩት።

ጋሽ አባይነህ የሻይ ብርጭቆ ይዘው ከቢሯቸው ወጡ። ተዉ ልጆች፣ በጠዋቱ አሉ። ሰሚ አላገኙም። መጋዝ የያዘውም ብሩሽ የያዘውም ሥራውን አቁሞ ከበበን። ኢንጂነር የሺሃረግ ሃሎ ሲሉ ሚልኬሳ ጎንበስ ብሎ ወደ ስልኩ ተናገረ፤ ጣውላው የሚሰማው ይመስል።

"ኢንጂነር፣ ሚልኬሳ ነኝ፣ አናጺው። ትናንት የነገርኩዎ ግማሹ ውሸት ነው። አሁን ልጅቱ ፊት ለፊቴ ቆማለች፤ ስለዚህ እናገራለሁ።"

"ይናገሩ" አሉ ኢንጂነሯ።

ስለ ምላሴ እንደሚናገር አውቄያለሁ። መልሱንም አዘጋጅቻለሁ፤ ሰነፍ ሰው ስለት ሁሉ ይወጋዋል ልል ነው።

"ምላሷ ስለት ነው፤ እሱን ይለምዱታል፣ እኛም ለምደነዋል" አለ። "የእሷ ችግር ሌላ ነው። አትጠይቅም።"

ከዚያ ስለ መሳቢያው ተናገረ። ለአያት ኮንዶሚኒየም ደንበኛ የሠራነው ቁም ሳጥን ነበር። መሳቢያው የሚንሸራተትበት ሐዲድ ግራና ቀኝ ምን ያህል ክፍተት እንደሚፈልግ አላወቅኩም ነበር፤ ሥዕሉ ላይ ባዶ ተውኩት። "እኔ ከእሷ ክንድ በማይርቅ ቦታ ቆሜያለሁ" አለ ሚልኬሳ። "ሐዲዱ እጄ ላይ ነው። ቦርሳዋን አንስታ ኮተቤ ኢንተርኔት ቤት ወረደች። የተመለሰችው ከምሳ በኋላ ነው። ይዛ የመጣችው ልክ ነበር፤ አልዋሽም። እስከዚያ ግን እኔ እጄን አጣጥፌ ቁጭ። ማዶ ያለውን ህንድ ጠየቀችው፣ እኔን አልጠየቀችኝም። ይህ አንድ ቀን ብቻ አይደለም፣ ሁልጊዜ ነው። እኔ ምንድን ነኝ? ጣውላ ነኝ?"

የመጨረሻውን ለስልኩ አልነበረም የተናገረው። ዓይኔን እያየኝ ነበር።

ለሁሉም ነገር መልስ ያለኝ ሰው ነኝ። አዎ፣ ጉቶ ነህ ማለት እችል ነበር። አላልኩትም። ጆሮዬ ብቻ ጋለ።

"ሲፋን፣ አለሽ?" አለ ስልኩ። "እውነት ነው?"

ሥራ ላይ ስለነበረ ላስቸግረው አልፈለግኩም ብል ያምራል። ሁሉም ያግዙኝ ነበር፤ ጋሽ አባይነህ እንዲያውም ይህንኑ ሊሉ አፋቸውን ከፍተዋል። ሚልኬሳም ዝም ይል ነበር፤ አውቀዋለሁ።

"እውነት ነው" አልኩ። "የሐዲዱን ነገር አላውቅም ነበር። አለማወቄን እሱ እንዲያውቅብኝ አልፈለግኩም።"

ከዚያ ኢንጂነሯ አቶ ሚልኬሳን አመሰገኑ። ለእኔ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ነይ፣ ሦስት ወር ሙከራ ነው አሉኝ። ሊዘጉ ሲሉ፣ "እኛ ጋ መሳቢያ ብዙ ነው" አሉ።

ማንም አላጨበጨበም። ጋሽ አባይነህ አሁን ስልክ የሚያነሳልኝ ማነው ብለው ሻያቸውን ይዘው ገቡ። ሚልኬሳ ጣውላውን አስተካክሎ ማሽኑ ላይ ጫነ።

"ሶኬቱን ሰኪ፣ ሥራ አለኝ" አለ።

ሰካሁለት። አመሰግናለሁ ልለው ነበር፤ ማሽኑ ግን ጮኸ፣ እኔም አልደገምኩትም።

ላምበረት በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት የጋዝ ሲሊንደር የሚቀመጥበት ካቢኔት ሰጡኝ። አየር መግቢያው የት መሆን እንዳለበት አላውቅም። እጄ ሳላዘው ቪዲዮ መፈለጊያው ላይ ሄደ። የህንዱ ቪዲዮ እስኪከፈት ስጠብቅ ኢንጂነር የሺሃረግ ከጀርባዬ እንደተቀመጡ ትዝ አለኝ። ዞሬ አንድ ነገር ላስቸግርዎ አልኩ። ዓይናቸውን ከወረቀት ሳያነሱ ነገሩኝ። ያንን ያህል ነበር፤ ከአንድ ጉንጭ ሻይ አይበልጥም። ቪዲዮውን ግን አልዘጋሁትም፤ አይቼው ልክ መሆናቸውን አረጋገጥኩ። ሰው በአንድ ሳምንት አይለወጥም።

የዋንዛ እንጨት በክረምት ስለማበጡ ስጠየቅ ደግሞ ለሚልኬሳ ደወልኩ። ምሳ ላይ ነኝ ብሎ ስልኩን ሳይዘጋ እያኘከ አቆየኝ። በመጨረሻ፣ "ህንዱ የት ሄዶብሽ ነው?" አለኝ። ከዚያ ጠያቂዬ ሊሰማ ከሚችለው በላይ አብራራልኝ።

ገጼንም አጸዳሁት። ቀዶ ጥገናውን፣ አረብኛውን፣ ዶሮዎቹን ሰረዝኩ። ትሕትናን ግን ዶርቃ እንዳትቀየመኝ ተውኩላት።

ባለፈው ቅዳሜ እንጦጦ ላይ ስልኬን ስከፍት አዲስ ጥያቄ መጥቷል። ሚልኬሳ ከእርስዎ ጋር መገናኘት ይፈልጋል ይላል። ፎቶው ላይ መላጊያ ማሽኑን እንደ ሙሽራ አቅፎ ቆሟል። ማን እንዳስመዘገበው አላወቅኩም፤ ዶርቃ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ታይ ነበር። ተቀበልኩት። ገጹ ወዲያው መጠየቅ ጀመረ። ሚልኬሳ የእንጨት ሥራ ይችላል? አዎ አልኩ። ማስተማርስ ይችላል? ጥቂት አሰብኩና አዎ አልኩ።

ትሕትናስ? አለኝ። እሱን ዘለልኩት። የሚፈልግ ከሆነ በፊቱ እነግረዋለሁ።